የቦግና ምላስ

እኔ ሰው ሲያወራ ከቃሉ በፊት አፉን ነው የማየው። ባሌ ትቶኝ ሊሄድ ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ ምክንያቱን ሲደረድርልኝ እንኳ፣ የቃሉን ጫፍ እየዋጠ ስላስቸገረኝ «ጥርት አድርገህ ተናገር እንጂ» ብዬዋለሁ። እሱም ጥርት አድርጎ ተናገረና ሄደ። ምን ላድርግ፣ ሙያዬ ነው። ሉብሊን ከተማ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእንግሊዝኛ ተነባቢ ድምፆችን አስተምራለሁ፤ ዶክተር ሳቢና ክሮል እባላለሁ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ጉጠት» ይሉኛል። ሰምቻለሁ፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

ወደ እኔ የሚመጡት ጀማሪዎች አይደሉም። እንግሊዝኛ የጠገቡ ናቸው። ወፍራም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የሚጨርሱ፣ ክረምቱን ለንደን ሳህን ሲያጥቡ ከርመው መጥተው «ዶክተር፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው የአገራቸው ሰው መስዬአቸው ነበር» የሚሉኝ። የሚያስቸግሩኝም እነሱ ናቸው። ጀማሪ ያፍራል፣ ይታዘዛል፤ የእነዚህ ስህተት ግን አብሯቸው አድጎ ጢም አብቅሏል። ቃል መጨረሻ ላይ «ድ» የነበረውን «ት»፣ «ግ» የነበረውን «ክ» ያደርጉታል፤ ፖላንድኛ የቃል ጭራ ላይ ድምፅ ስለሚያፍን እነሱም አፍነውት ቁጭ። «ፕ» ሲሉ ደግሞ እንግሊዞቹ እፍ የሚሏት ትንፋሽ የለችም። ለዚህ ሻማ አለኝ። አፋቸው ፊት እለኩሰዋለሁ፤ በደንብ ካሉት ነበልባሉ ይርገበገባል፣ ካላሉት ንቅንቅ አይልም።

ፕሼሜክ የሚባል አንድ ቀልደኛ ልጅ ነበረኝ፤ ነበልባሉን ለማርገብገብ ሲል ምራቁን ተፋበት። ሻማውን በገዛ መሃረቡ አስወለወልኩትና ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ጥግ አቁሜ «ፕ፣ ፕ፣ ፕ» አስባልኩት። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። በማግስቱ ግን ነበልባሉን ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም። ማዋረድ አያስተምርም የሚሉ አሉ፤ አንድ ቀን እኔ ክፍል መጥተው ይዩ።

አሁን ወደ ቦግና ልምጣ። ቦግና ድሮዝድ ከክራሽኒክ ወዲያ ካለ መንደር የመጣች፣ እንጆሪ የሚያመርቱ ሰዎች ልጅ ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ የምትሄድ። ጆሮዋ ግን ሌላ ነው። ሰው በፖላንድኛ ተናግሮ ሳይጨርስ እሷ በእንግሊዝኛ ጨርሳለታለች። እንዲህ ያለ ጆሮ በዕድሜዬ አንዴ ነው ያየሁት፤ ሁለተኛውን የማይ አይመስለኝም።

የምትፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አስተርጓሚ መሆን። እኛ ዘንድ የአስተርጓሚዎች ክፍል አለ፤ በየዓመቱ ጥቂት ሰው ነው የሚገባው። እዚያ የገባ ሰው በየስብሰባው የመስታወት ዳስ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ የትልልቅ ሰዎችን ነገር ከፖላንድኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ፖላንድኛ ሲያመላልስ ይኖራል። ለመግባት በሰኔ ሁለት ፈተና ማለፍ ነው። የእንግሊዝኛውን እኔ እፈትናለሁ፤ የፖላንድኛውን ዕድሜያቸውን ቴአትር ቤት የጨረሱት ሽማግሌው አቶ ፕሉታ። ሁለታችንም ካልፈረምን ማንም አይገባም። ዕድሉም አንዴ ነው፤ የወደቀ ተመልሶ አይፈተንም። ቦግና ይሄን ከገባችበት ቀን ጀምሮ ታውቃለች።

እንግሊዞች አንድ ድምፅ አላቸው፤ የምላሳቸውን ጫፍ በጥርሳቸው መሃል ብቅ አድርገው በላይዋ ይነፉባታል። እኛ ፖላንዶች ይሄ ድምፅ የለንም። ተማሪዎቼ አንዱ በ«ፍ»፣ አንዱ በ«ት»፣ አንዱ በ«ስ» እያደረገ ያልፈዋል። ቦግና ግን ጨርሳ ትሸሸው ነበር። በእንግሊዝኛ «ሦስት» የሚለው ቃል በዚህ ድምፅ ነው የሚጀምረው፤ እሷ «ሁለትና አንድ ተጨማሪ» ትላለች። «ሐሙስ»ም እንደዚሁ ነው፤ እሷ «ከዓርብ በፊት ያለው ቀን» ትላለች። መሸሽ የማትችለው ቃል ሲመጣባት ደግሞ በ«ድ» ሸፈን አድርጋ ታልፈዋለች። እኔን ልታታልል። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥዬ ተናደድኩ፤ ሌላ ሰነፍ ቢሆን በተውኩት ነበር፣ ያ ጆሮ ያላት ልጅ ስታጭበረብር ግን ልቤ ቅጥል አለ።

የካቲት ላይ አንድ ቀን አስነስቼ ከሁሉም ፊት አቆምኳት። ትንሿን መስታወት አስያዝኳትና ምላስሽን በጥርስሽ መሃል አውጪ አልኳት። ፊቷ ቀላ።

«ዶክተር፣ ይሄን ይተዉኝ» አለች። «ሌላ የፈለጉትን አደርጋለሁ።»

«ሌላ የምፈልገው የለም። አውጪ።»

እጇ ወደ አፏ ሄደ። እጅሽን አውርጂ አልኳት፤ አወረደች። የምላሷ ጫፍ ወጣ ስትል ወዲያው ተመልሳ ገባች። ሁለተኛም እንደዚያው። ይሄ ነው ምላስ ማውጣት? ድመት እንኳ ወተት ስትጠጣ ከዚህ የተሻለ ታወጣለች አልኩ። ሳቁባት። ፕሼሜክ ከኋላ ወንበር «ሚያው» አለ፤ ክፍሉ ይብሱን ተንጫጫ። ቦግና መስታወቱን ጠረጴዛዬ ላይ በቀስታ አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። በሩን ድርግም አድርጋው ብትወጣ ይሻለኝ ነበር። በቀስታ ዘጋችው፤ እኔን በገዛ ክፍሌ አሳፈረችኝ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጣችና ቆማ ነገረችኝ። ልጅ ሆና ኮልታፋ ነበረች። ምላሷ በጥርሷ መሃል ካልወጣች «ስ»ም «ሽ»ም ማለት አይሆንላትም፤ ፖላንድኛ ደግሞ ከ«ስ»ና ከ«ሽ» ሌላ ምን አለው። የመጀመሪያ ቁርባኗን የተቀበለች ዕለት፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ የአበባ አክሊል ደፍታ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ አጭር ግጥም በቃሏ እንድትል ተደረገ። ከዳር እስከ ዳር ሳቁባት። ቄሱ ሳይቀሩ አፋቸውን በመሃረብ ያዙ። ከዚያ ወዲያ የመንደሩ ልጆች ባዩዋት ቁጥር ምላሳቸውን ጎልጉለው ያወጡላት ነበር።

እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ንግግር ሐኪም ታመላልሳት ጀመር። ሐኪሟ በእንጨት ማንኪያ ምላሷን ወደ ውስጥ ትገፋለች፤ ቤት ስትገባ ደግሞ እናቷ ምላሷ ብቅ ባለች ቁጥር ከንፈሯን በጣቷ ቸብ ታደርጋለች። ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻ ምላሷ ገባች። ትምህርት ቤት ውስጥ እጇን አውጥታ መልስ የመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው። አስተርጓሚ የመሆን ሐሳቡም ከዚያ ነው የመጣው፤ ሰው የሳቀበት አፍ አንድ ቀን ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው አፍ እንዲሆን።

«ምላሴን ላውጣ ስል ያ ሁሉ ሰው ይመጣብኛል» አለችኝ። «ደግሞ ከወጣች በኋላ አልመለስም ብትለኝስ?»

እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴን በላችኝ። ግን ማዘን ሌላ፣ ሥራ ሌላ።

«እሱ የፖላንድኛ ጣጣ ነው፤ እኔ የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው» አልኳት። «ግቢ ሲሏት የገባች ምላስ ውጪ ሲሏት ትወጣለች። አስተርጓሚ መሆን ትፈልጊያለሽ፣ ወይስ መንደርሽ ተመልሰሽ እንጆሪ መልቀም?»

«አስተርጓሚ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ነገ ጠዋት ማንም ሳይመጣ እዚህ ነይ አልኳት።

መጣች። በየማለዳው፣ የቢሮዬ ማሞቂያ ገና ሳይሞቅ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች ፊቴ ትቆማለች። መጀመሪያ ሰሞን ምላሷን ስታወጣ ያቅለሸልሻት ነበር፤ ቆሻሻ መጣያውን አጠገቧ አስቀመጥኩላትና ስትጨርሺ እንቀጥላለን አልኳት። ምላሷ ስትሸሽ አገጯን በሁለት ጣቴ ይዤ አስጠብቃት ነበር። እጇ ወደ አፏ እየሮጠ ሲያስቸግረኝ በግራም በቀኝም ትልልቅ መዝገበ ቃላት አሸከምኳት፤ ካወረደቻቸው እንደገና ከመጀመሪያው። አንድ ቀን ክንዷ እየተንቀጠቀጠ እንባዋ በአገጯ ወርዶ ጣቴን አረጠበው። ጣቴን በጉርድ ቀሚሴ ጠረግ አድርጌ «አሁን ንፊበት» አልኳት።

መጋቢት ላይ የቢሮዬን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ተማሪው በኮሪደሩ ሲተላለፍ፣ ቦግና ምላሷን አውጥታ ስትነፋ እንዲያያት ነው። እፍረት የሚለቀው በሰው ፊት ነው፤ ይሄ የራሴ ዘዴ ነው፣ ከማንም አልተማርኩትም። ቆሞ የሚያይ ነበር፣ ጓደኛውን ጎትቶ የሚያሳይ ነበር። አንዷ ብልግና ያልሆነ መስሏት በስልኳ ልትቀርፃት ስትሞክር ከኮሪደሩ አባርሬያታለሁ። ምን ቢሆን አውሬ አይደለሁም።

ፋሲካን መንደሯ ውላ ተመለሰች፤ እስከዚያ ድረስ ድምፁ አልወጣላትም ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ግን፣ አንድ ማለዳ ላይ፣ ነገሩ ተከፈተላት። አንድ ገጽ ሰጥቼያት ስታነብ ምላሷ ሳትለመን ወጣች፣ ሳትለመን ገባች። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። ጠንካራው ቦታ ጠንካራ፣ ለስላሳው ቦታ ለስላሳ። የድምፅ መቅጃውን ከፍቼ እንደገና አስነበብኳትና ጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ ለብቻዬ ሰማሁት። ፖላንዳዊት ነች ብሎ የሚምልልኝ ሰው በዚህ ምድር አይገኝም። እንባዬ መጣ። ተነስቼ ግንባሯን ሳምኳት፤ ከመሳቢያዬ ቸኮላት አውጥቼ ሰጠኋት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ የሠርጌን ቀን ጨምሮ።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ ዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ሾርባዬን እየጠጣሁ ሳለ ቦግና ፒየሮጊ የምንለውን፣ ውስጡ የተሞላ ቅቅል ሊጥ ልታዝዝ ተሰልፋ አየኋት። ስንት ይሁንልሽ አሏት። በፖላንድኛ «ስድስት» የሚለው ቃል መጀመሪያውም መጨረሻውም እንደ «ሽ» ያለ ድምፅ ነው። አለችው፤ ምላሷ በጥርሷ መሃል ብቅ አለች፤ ቃሉ የሦስት ዓመት ሕፃን ቃል ሆኖ ወጣ። ምግብ የምታድለው ሴትዮ ያልሰማች መስላ እንደገና ጠየቀቻት። እንደገናም ያው። ከኋላዋ የተሰለፈው ፕሼሜክ ምላሱን አውጥቶ ድምፅዋን አስመስሎ ደገመው፤ ሰልፉ በሳቅ ተንከተከተ። ቦግና ሳህኗን ሳትቀበል ወጣች።

እኔንም ፈገግ አሰኘኝ፤ ልጁ ምላሱን በትክክለኛው ቦታ ነበር ያወጣው፣ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ለምኜው እንቢ ያለውን። በማግስቱ «አየህ፣ ትችላለህ ማለት ነው» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱም ድምፁን በደንብ ይላል።

ቦግና ነገሩን አላሳደረችውም፤ የዚያኑ ዕለት ማታ ቢሮዬን ልቆልፍ ስል ደረሰች። ምላሷ አልገባ እንዳለቻት ነገረችኝ፤ በፖላንድኛ ነበርና የነገረችኝ፣ ሳትነግረኝም ይሰማ ነበር። በየቃሉ ላይ ትኮላተፋለች። ወደ ውስጥ ልመልሳት ስትል ደግሞ እንግሊዝኛው እንደሚበላሽባት፣ ሁለቱን መለየት እንዳቃታት አወራችኝ። እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ነበር።

«እስከ ፈተናው ድረስ ፖላንድኛ አታውሪ» አልኳት። «ጨርሶ። ሱቅም እንግሊዝኛ፣ መኝታ ቤትም እንግሊዝኛ። ከቀላቀልሽው የያዝሽውንም ታጪዋለሽ።»

«እናቴ ስትደውልስ?»

«ጻፊላት። ጥናት በዝቶብኛል በያት።»

«የአቶ ፕሉታ ፈተናስ፣ ዶክተር?»

«አንቺ ልጅ፣ ፖላንዳዊት አይደለሽም እንዴ? ተወልደሽ ያደግሽበት ቋንቋ ነው፤ የት ይሄዳል?»

አመነችኝ። ለምን አታምነኝም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያልኳት ሁሉ ሆኗል። በፖላንድኛ ትንፍሽ ማለት ተወች። ሱቅ ገብታ በእንግሊዝኛ ዳቦ ስትጠይቅ ባለሱቆቹ እንግዳ መስላቸው ይንከባከቧት ነበር አሉ። የመኝታ ቤት ጓደኞቿ ግን ጠሏት። «እሜቴ ዛሬ ሻይ ይጠጣሉ?» እያሉ ከማለዳ እስከ ማታ ይጎነትሏት ነበር። ይሄን የሰማሁት ከፕሼሜክ ነው። ጥሩ ነው፣ ትጽና አልኩ። በየማለዳው ደግሞ እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ እንግሊዝኛዋ ከቀን ወደ ቀን እየጠራ፣ እያማረ ሄደ። ለባልደረቦቼ ቀረፃውን አስቀድሜ ማሰማት ጀመርኩ። አንዱ ይቺን እንግሊዛዊት ከየት አመጣሻት አለኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ልቤ ሞቆ ሰነበተ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ቦግና እንደ ወጉ በነጭ ሸሚዝና በጥቁር ጉርድ ቀሚስ መጣች። የእንግሊዝኛው ቀደመ። በጆሮ ማዳመጫ የአንድ የፖላንድ ባለሥልጣን ንግግር ለቀቅንባት፤ ሰውየው ሲፈጥን ፈጠነች፣ ሲያዛጋ ጠበቀችው፣ ሲቆጣ ተቆጣች። እያንዳንዱ ድምፅ ቦታ ቦታውን ይዟል። አቶ ፕሉታ እንግሊዝኛ እምብዛም አያውቁም፤ ግን እሳቸው እንኳ እስክሪብቶ አስቀምጠው ሰሟት። ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ ፈረምኩ። ለማንም ሙሉ ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ አቶ ፕሉታ የፖላንድኛውን ገጽ ሰጧት። ተራ የሬዲዮ ዜና ነው፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ከተማ ምክር ቤት። ቦግና ወረቀቱን ተቀብላ ከፊቷ ያዘችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጀምሪ አልኳት።

ጀመረች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ አቶ ፕሉታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እንዳታያቸው ነው። በየ«ስ»ው፣ በየ«ሽ»ው፣ በየ«ዥ»ው ላይ ምላሷ ትወጣለች። ልጅቷ ራሷን እየሰማች ነው፤ ያ ጆሮዋ አይምራትም፤ ስትሰማው ትመለስና ቃሉን ደግማ ትላለች፣ ደግማ ስትለው ይብሳል። ውኃ ጠጪ አሏት፤ ጠጣች። ቀስ ብለሽ አንብቢ አሏት፤ ቀስ ብላ አነበበች፤ ቀስ ስትል ደግሞ አንድም ሳይቀር ይሰማል። ገጹን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ጥሎ ይወጣ ነበር። እስክንጠራሽ ውጪ ጠብቂን አልናት።

አቶ ፕሉታ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ሳቢና፣ ይቺን ልጅ በጥቅምት አውቃታለሁ» አሉ። «ንግግሯ እንደ ውኃ የጠራ ነበር። ምን አደረግሻት?»

«እንግሊዝኛ አስተማርኳት።»

ሽማግሌው ክረምቱን ሐኪም ዘንድ ብትሄድ እንደሚስተካከል፣ ምላስ የለመደውን መንገድ እንደማይረሳ፣ እንዲህ ያለ ጆሮ ደግሞ ሐኪም እንደማይሠራው ነገሩኝ። ቴአትር ቤት እያሉ ከዚህ የባሰ አይተው እንዳዳኑም ጨመሩ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አንስተው የራሳቸውን ቦታ ፈረሙ። የፖላንድኛውን ፊርማ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት፤ የእኔን ስም ከዚያ በፊት ፈርሜበታለሁ፣ አልቋል ማለት ነው።

ወረቀቱን ሳብ አድርጌ ፊርማዬን ሰረዝኩት።

«ሴትዮ፣ የአንቺ እንግሊዝኛው ነው!» አሉኝ። «ሙሉ ነጥብ ሰጥተሻታል።»

«ነገ የመስታወት ዳስ ውስጥ ገብታ የሚኒስትር ንግግር በኮልታፋ አፍ ስታስተረጉም፣ ሰው ይቺን ማን አስተማራት ብሎ ይጠይቃል» አልኳቸው። «የማን ስም ነው የሚነሳው? የእርስዎ ነው የኔ?»

«እንግዲያው ፍርጃው ያንቺ ነው።»

«ፍርጃ አይደለም። እኔ በእንግሊዝኛ ምሬ ያላለፍኩትን ስህተት በፖላንድኛም ምሬ አላልፍም።»

መነጽራቸውን አድርገው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔም አልለመንኳቸውም። ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም ልክ ነኝ። ሥራ ማለት ይሄ ነው፤ ያዘነ ሁሉ እየፈረመ ቢያሳልፍ ኖሮ አገሩ በተንሻፈፈ አፍ ይሞላ ነበር።

ልነግራት ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ቦግና ግድግዳው ሥር ቆማለች፤ አጠገቧ አጠር ያለች፣ ፊቷ ፀሐይ የመታው ሴትዮ አለች። እናቷ ናት። የልጅቷን ዕቃ ከመኝታ ቤት ጭና ወደ መንደር ልትወስዳት ነው የመጣችው፤ የለበሰችው የእሁድ ልብሷን ነው፤ ክንዷ ላይ ከቅርፊት በተሠራ ቅርጫት እንጆሪ ይዛለች። ዓይኗ እኔ ላይ ሲያርፍ ቅርጫቱን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። ልጄ በመልእክቷ ሁሉ ስለ እርስዎ ነው የምትጽፈው፣ ከፋሲካ ጀምሮ ድምፅዋን ባልሰማም እርስዎ ዘንድ እንዳለች ሳውቅ ልቤ ያርፋል፣ ሰው አደረጉልኝ ዶክተር እያለች አመሰገነችኝ። ኮሪደሩ ተራቸውን በሚጠብቁ ተማሪዎች ሞልቷል፤ ሁሉም ጆሯቸውን ጥለዋል። ቅርጫቱን ተቀበልኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ከዚያ ለቦግና አላለፍሽም አልኳት። አጠር አድርጌ፣ ጥርት አድርጌ። እንግሊዝኛው ሙሉ እንደነበር፣ ፖላንድኛው እንዳልሆነ፣ ክረምቱን የንግግር ሐኪም ብታይ ለኑሮዋ እንደሚጠቅማት ነገርኳት።

ቦግና አላለቀሰችም። እኔን እያየች፣ ከፈተናው ክፍል ውጪ ከሚያዝያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት፣ በፖላንድኛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«እንዳትወጣብኝ ዕድሜዬን የጠበቅኋትን ምላስ እርስዎ አወጧት። አሁን እንዴት እንደምመልሳት ይንገሩኝ፤ እሱን ብቻ ይንገሩኝ፣ ሌላ አልጠይቅዎትም።»

ከዚህ ሁሉ ቃል አንዱም በደህና አልወጣም። ከተማሪዎቹ አንዱ ከኋላ ሳቁን በአፍንጫው ለቀቀው። ይሄ የኔ ትምህርት አይደለም አልኳት፤ እውነቴን ነው፣ አላውቀውም። እናቷ ግን ሰማች። ያቺ ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ የተሳፈረች ሴት ፊቷ አመድ መሰለ። ልጇን ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀቻትም፤ እኔንም ምን አደረግሻት አላለችኝም። ዓይኗ ተማሪዎቹ ላይ ዞረና የልጇን ክንድ ያዘች።

«ዝም በይ» አለቻት ቀስ ብላ። «አፍሽን ዝጊ፣ ሰው ይሰማል።»

ቦግናም ዘጋች። ከንፈሯ ነጭ እስኪሆን ድረስ ጥብቅ አድርጋ ዘጋችው፤ እናቷ እየጎተተቻት ደረጃውን ወረዱ። ደሜ ፈላ። እናት ናት ይቺ? ለገዛ ልጇ እንዲህ ይባላል? እንዲህ ያለ ጭካኔ ከሴት አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ልከተላቸውና ልናገራት ሁለት እርምጃ ተራምጄ ነበር። ያ ሁሉ ማለዳ የለፋሁበት፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው እንግሊዝኛዬ እኮ እዚያ አፍ ውስጥ ነው፤ ያ አፍ ተከፍቶ አንድ ቃል ሲወጣው ከዚያ ወዲህ የሰማ ሰው የለም።

እንጆሪውን አስገብቼ አቶ ፕሉታ ፊት አስቀመጥኩትና፣ በሩ ላይ ቆሜ ቀጣዩን ጠራሁ።